ከቧንቧው ሥር ዘጠኝ ሰዎች

ኪሬሬኒ፣ ማርች 4 ቀን 1973

ለወንድሜ ልጅ ለማጋንጋ ምዋምቡሪ፣ ካርዲፍ፤

ባሕሩን ተሻግሮ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ያ ብርድ የሚሉት እንዴት አድርጎሃል? እኔ አክስትህ ምካዋሲ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከእኔ ጋር አርጅቶ ነው እንጂ ምን በደለ። እንደምታውቀው እኔ እናገራለሁ፣ መምህር ሪጋ ይጽፋል፤ ያንተንም ደብዳቤ የሚያነብልኝ እሱ ነው። እሱም ሰላም ብሎሃል።

ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ከብቱ አልቋል። ታላቁ ቧንቧ እንደ ድሮው በከተማችን መሃል አልፎ ወደ ሞምባሳ ይወርዳል፤ ጆሮህን መሬት ላይ ብትጥል ሲሄድ ትሰማዋለህ። የሰው ሰርግ በደጃችን ያልፋል፣ እኛ ጭብጨባውን እንሰማለን።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ግን ፈነዳ! ከአሮጌው ዋሻ በታች፣ ሾላው ዘንድ። ውሃው ከቤት ክዳን በላይ ዘለለ። ሰው መጀመሪያ ሸሸ፣ ቀጥሎ እንስራ ይዞ ተመለሰ። ሹሙ መጣና አየው፤ ከዚያ ጀርባውን አዙሮ «እኔ ምንም አላየሁም፣ ያየ ካለ ይናገር» አለ። ማን ይናገር? ፖስታ ቤት ያለችው ልጅም «ስልኩ ተበላሽቷል» አለች፤ በዋዜማው ከእጮኛዋ ጋር ስታወራበት ውላለች። ቄሱ ተራ ሲጠብቁ የነበሩትን አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ቀን አጠመቀ። አውቶቡሱ ሳይቀር ቆሞ ተሳፋሪው ይታጠባል። ጉድጓዱ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል፤ ለውሃው መሥሪያ ቤት የሚነግር አፍ ግን ኪሬሬኒ ውስጥ አልተገኘም።

የሚተርፍህ ከሆነ ለበርሜል መግዣ ላክልኝ፤ ይህ ሲሳይ ሳያልፍ ላጠራቅም።

ስለ አባትህ ደግሞ ያው ነው። ሊሞት ሲል «ውሃ አምጪልኝ» ብሎ ልኮብኝ፣ በጥሎሼ ላም ተኳርፈን ነበርና አልሄድኩም። በዚያው ቀን ሞተ። ኩርፊያዬ በርዶልኝ ወደ እሱ መሄድ የጀመርኩት የአባቶች የራስ ቅሎች ከአሮጌው ዋሻ ወደ ላይኛው ከተዛወሩ በኋላ ነው። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸንኮራ ጠላ ጠምቄ እወጣለሁ። የዋሻው ጠባቂ ንጌሌ ጠላውን ወስዶ ከራስ ቅሉ ፊት ያፈሳል፤ እኔ ውጭ ቆሜ እንደ ወጉ አፌን በጠላው ሞልቼ ቂሜን እተፋለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ተፍተው ሲወርዱ ደረታቸው ይቀላቸዋል። የእኔ እንዳለ አለ። አባትህ በሕልሜ እየመጣ ያንኑ ውሃ ይጠይቀኛል። ንጌሌን «ለምንድን ነው የማይመልስልኝ?» ብለው፣ «አንቺ ብቻ አታቋርጪ» ይለኛል። ሳልሞት ወንድሜ ይቅር ይበለኝ። ከዚህ ሌላ የምፈልገው የለኝም።

አክስትህ ምካዋሲ


ካርዲፍ፣ ማርች 20 ቀን 1973

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ምካዋሲ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝም፣ ጉልበትዎንም ይጠግን። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም በልብስ ማጠቢያው ቤት የእንፋሎት ጋኑን የምጠብቅ እኔ ነኝ። ለመምህር ሪጋ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ስለ ቧንቧው የጻፉትን አንብቤ አሳብ ገብቶኛል። የፈነዳው ከሾላው በላይ ነው ወይስ በታች? ከሾላው እስከ ጉድጓዱ ስንት እርምጃ ይሆናል? በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይህን ቢያስጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አክስቴ ሆይ፣ የዚያ ውሃ ነገር አላማረኝም። መድኃኒት ይጨምሩበታል፣ ለሆድ አይሆንም። ደግሞም ውሃ መሬት ሲበላ ጠርዙ ስለሚናድ ሰው ሊገባበት ይችላል። በቶሎ ይጠገን። ለበርሜሉ የጠየቁኝን እጥፍ አድርጌ ልኬያለሁ፤ በትርፉ አንድ ሰው አሳፍረው ቮይ ድረስ ይላኩና ለመሥሪያ ቤቱ ያስታውቅ። ስሜን እንዳያነሳ። ጉድጓዱ ውስጥም ማንም እንዳይቆፍር።

አክባሪዎ ማጋንጋ


ኪሬሬኒ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1973

ለማጋንጋ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እዚህስ የለም።

በመጀመሪያ በደብዳቤህ ስቄ ነበር። «አገሩ ሁሉ ውሃ ሲያገኝ ደስ ያላለው አንድ ሰው ካርዲፍ አለ» አልኩት ለሪጋ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እርምጃ ስለ መቁጠር የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ከዚያ ኩሬው ማጉረምረም ጀመረ። እውነቴን ነው። በግድግዳ ማዶ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ ምን እንደሚል አትለይም፣ ሰው መሆኑን ግን ታውቃለህ፤ እንደዚያ ነው። «ከቧንቧው የሚወጣ አየር ነው» አሉ ወንዶቹ። ወንዶች መቼም ውሃ አይቀዱ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስሟን ሲጠራ ሰማሁ ብላ እንስራዋን እዚያው ጥላ ሮጠች። እኔም ሄድኩ። ስሜን አልጠራኝም፤ ግን ጸጉሬ ቆመ።

በማግስቱ ጠርዙ ተናደና አንድ የራስ ቅል ወጣ። ፖሊሶች ሰው ተገድሏል ብለው መጥተው ጎጆ ለጎጆ ጠየቁ። ሁለተኛ ወጣ፣ ሦስተኛ። ዘጠኝ ሲሞላ ፖሊሶቹ «ይህ የድሮ ሰው ነው፣ የእናንተው ጉዳይ ነው» ብለው ሄዱ።

ዘጠኝ። በላይኛው ዋሻ ያሉት አባቶቻችንም ዘጠኝ ናቸው።

መምህር ሪጋ አንዱን አንስቶ የጉንጩን አጥንት ዳሰሰው። አባቱን ጎሽ ወግቶት ጉንጩ ጠሞ ነበር የዳነው። ይህም ጠማማ ነው። ሪጋ ኩሬው ዳር ተቀመጠ፣ ማንም ሊያስነሳው አልቻለም። አሁንም ይህን ሲጽፍልኝ ጽሕፈቱ ቢበላሽ አትፍረድበት። እኔም የወንድሜን ፈለግሁና አገኘሁ። በልጅነታችን ተጣልተን በድንጋይ የፈነከትኩት ግንባሩ ላይ ጎድጉዶ ቀርቶ ነበር። አውራ ጣቴን አገባሁበት፤ ልክ ገባ።

እንግዲህ ንገረኝ። ይህ አባትህ ከሆነ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠላዬን ሲጠጣ የኖረው ማነው? ቂሜን የተፋሁትስ በማን ፊት ነው?

ከተማው በንጌሌ ላይ ተነስቷል። «ጠባቂው እሱ ነው፤ አባቶቻችንን ጉድጓድ ጥሎ የማንንም አጥንት ያስመልከናል» ይላሉ። ለዝናቡ መጥፋትም ምክንያቱ እሱ ሆኗል። እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አባቶች በተዛወሩበት ቀን ወባ ይዞት ተኝቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቅርጫቱንና የጠላውን ቅል ተቀብለህ የሄድከው አንተ ነህ። ያየኸውን ተናገር። ገንዘብ አልፈልግም፤ ቃል ላክልኝ።

ምካዋሲ


ኪሬሬኒ፣ ሜይ 2 ቀን 1973

ለማጋንጋ፤

ደህና ነህ ወይ? ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ይህን አስጻፍኩ።

ንጌሌን ከሰላምታ አግልለውታል። ገበያ ሲገባ ሁሉም ፊቱን ወደ ዕቃው ያዞራል። ፍየሎቹን ከኩሬው እንዳያጠጣ ከለከሉት፤ ሁለቱ ሞቱ። ትናንት ኪማንጋ ሠርቼ፣ ባቄላውን አብዝቼ ወሰድኩለት። «የወንድምሽ ልጅ ጻፈ?» አለኝ። «አልጻፈም» አልኩት። «ይጽፋል» አለና ሳህኑን ሳይነካ መለሰልኝ።

ጻፍ እንጂ።

ምካዋሲ


ካርዲፍ፣ ሜይ 6 ቀን 1973

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ ዘንድ ጸሎቴ ነው። የኤፕሪል ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የዘገየሁት የሥራ ፈረቃ ስለ ተቀያየረብኝ ነው።

የነገሩኝ ነገር በእጅጉ አሳዝኖኛል። ሆኖም ዘመኑ ርቋል፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም ነገር አላስታውስም። አቶ ንጌሌም ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውን እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን የሚበጀው የወጡትን በክብር ማሳረፍ ይመስለኛል። ለዚህም በሲሚንቶ የሚሠራ ጥሩ ቤት ይሠራላቸው ዘንድ የሁለት ወር ደሞዜን ልኬያለሁ። በሩ ብረት ይሁን።

ሌላ አንድ ነገር። መምህር ሪጋ ዓይናቸው እየደከመ ይሆናል። የሚቀጥለውን ደብዳቤዬን የክሊኒኳ ነርስ ብታነብልዎ አይሻልም?

እዚህ ዝናቡ አያቆምም። በማጠቢያው ቤት ቧንቧዎቹ ቀኑን ሙሉ ያንኳኳሉ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች አይሰሙትም።

አክባሪዎ ማጋንጋ


ኪሬሬኒ፣ ሜይ 27 ቀን 1973

ማጋንጋ፤

ገንዘብህን በመጣበት መንገድ መልሼዋለሁ። የብረት በር ለማን ነው? እነሱ እንዳይወጡ ነው ወይስ አንተ እንዳትገባ?

የሪጋ ዓይን ደህና ነው። ክር በመርፌ ያስገባልኛል። የጻፍከውን ስለ ራሱ ዓይን የሚለውን ጭምር አነበበልኝ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ማጋንጋ የሚፈራኝ ለምን ይመስልሻል?» አለኝ። ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እኛ አንለውም። በአገራችን የራስን ጥፋት ሌላ ሰው ቢናገርለት ቂሙ አይወጣም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ለከተማው ብነግርም «የወንድሟን ልጅ ከስሳ ጠባቂውን ታድናለች» ይሉኛል። ከአንተ ካልመጣ ዋጋ የለውም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በመጨረሻ መጥተው ቧንቧውን ደፈኑት። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። ኩሬው እየደረቀ ነው፤ ማጉረምረሙ ግን አልቆመም፤ አሁን ከመሬቱ ነው።

ንጌሌ ወደ ላይኛው ዋሻ ወጥቶ ከእነዚያ ከማናውቃቸው ፊት ተቀምጧል። እህል ትቷል። «የምበላው የልጁ ደብዳቤ ሲመጣ ነው» ብሏል። ሰማንያ ሊሆነው ምንም አልቀረው። ነፍሱ ባንተ እጅ ናት፤ አንድ ገጽ ናት የምትጠይቅህ።

ምካዋሲ


ካርዲፍ፣ ጁን 15 ቀን 1973

መምህር ሪጋ፤

ይህ ለእርስዎ ነው። በመጀመሪያ ብቻዎን ያንብቡት፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ለአክስቴ ያንብቡላት። ከዚያ ደግሞ በገበያ ቀን ሾላው ሥር ቆመው ለሰው ሁሉ ያንብቡት።

በ1954 ለቧንቧው ቦይ ከሚቆፍሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቦዩ ሰኞ አሮጌው ዋሻ ሥር ሊደርስ ስለነበር ሽማግሌዎች አባቶች በዚያው ጠዋት ይነሱ አሉ። አቶ ንጌሌ በወባ እየተንቀጠቀጡ ቅርጫቱንና ጠላውን ሰጡኝ። ያሉኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አንድ በአንድ። በሁለት እጅ። በየእርምጃው ስሙን እየጠራህ። መንገድ ላይ መሬት አታስነካው።» ዘጠኝ ጊዜ ዳገቱን መውጣት፣ ዘጠኝ ጊዜ መውረድ ማለት ነው።

አንዱንም አልወጣሁም። ቁርስ አልበላሁም ነበር፣ ጠላው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠጣሁት። «ሁሉንም ባንድ ጊዜ ባወጣቸው ማን ያያል?» አልኩ። ዘጠኙንም በአንድ ጆንያ ከተትኳቸው። የእርስዎን አባት፣ የራሴን አባት። ጥላ ፈልጌ ቦዩ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ጋደም አልኩ፤ ፀሐይ ሲያገኘኝ ደግሞ ተነስቼ ሾላው ሥር ተኛሁ። ስነቃ ቧንቧው ወርዷል፣ አፈሩም ተመልሷል። አለቃው «የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። «ቆፍሩልኝ» ማለት ነበረብኝ። ሃያ ሰው አፈሩ ላይ ቆሞ ይረግጠዋል፤ እኔም አካፋዬን አንስቼ አብሬ ረገጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቶቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ወደ ተውት የማዶው ዋሻ ሄጄ ዘጠኝ የራስ ቅል አመጣሁ። የማን እንደሆኑ አላውቅም። በላይኛው ዋሻ ደረደርኳቸው፤ ቁጥሩ ሞላ። አክስቴ በዚያው ዓመት ጠላ ጠምቃ ስትወጣ አየኋትና መርከብ ፍለጋ ሞምባሳ ወረድኩ። የሸሸሁት ከእሷ ነው።

አቶ ንጌሌ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። በማርች መናገር እችል ነበር። ደብዳቤዬን የሚያነቡት እርስዎ መሆንዎን ሳስብ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ፈሪ ነኝ።

አክስቴ ሆይ፣ ወንድምዎ ያልመለሰልዎ ስላልሰማዎት ነው። አልጨከነም።

ማጋንጋ ምዋምቡሪ


ኪሬሬኒ፣ ጁላይ 8 ቀን 1973

ለወንድሜ ልጅ ለማጋንጋ፤

ሰላም ብዬሃለሁ። ከአፌ ሳይሆን ከልቤ እንዲሆን ሁለት ቀን ጠብቄ ነው ያስጻፍኩት።

ሪጋ ያልከውን ሁሉ አደረገ። ለብቻው አነበበ፣ ለእኔ አነበበ፣ ቅዳሜ ሾላው ሥር ቆሞ ለገበያው አነበበ። ድምፁ የተሰበረው የእሱ አባት ጋ ሲደርስ አይደለም፤ «አካፋዬን አንስቼ» የሚለው ላይ ነው። ሲጨርስ ፍየል ሻጩ ፍየሎቹን ሳይሸጥ ነድቶ ሄደ። ሹሙ፣ ያ ጀርባ ማዞር የሚያውቀው፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ንጌሌ ግን አልሰማም። ጁን 11 ቀን ሞተ። አንተ ብዕር ያነሳኸው ከአራት ቀን በኋላ ነው። በሜይ የላክኸው ደብዳቤ ይህ ቢሆን ኖሮ በልቶ ነበር። ይህን የምነግርህ ልጎዳህ ብዬ ነው። አልዋሽህም።

በመጨረሻው ቀን አጠገቡ ነበርኩ። በሸክላ ውሃ አመጣሁለት፤ የሚሞት ሰው ውሃ ሲፈልግ ሁለተኛ አልቀርም። ከንፈሩን ብቻ አራሰ። «ንጌሌ፣ አንተ ግን ምንም ሳታውቅ ነው ይህ ሁሉ የደረሰብህ» አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ወባው እንደለቀቀኝ በሦስተኛው ቀን ወጣሁ። የምዋምቡሪ ግንባር አንቺ የፈነከትሽው ነው። እዚያ ያለው ግን ልሙጥ ነው። ማን እንደሆኑም አላወቅኳቸውም።»

«ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠላዬን ስትወስድ!»

«እንግዳም ይጠማዋል፣ ምካዋሲ። ያለ ፈቃዳቸው የመጡ ናቸው።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ልጁን ይረግሙት ነበር፣ ከምዋምቡሪ ቤት የቀረው እሱ ነው። ደግሞ ራሱ ይናገር ብዬ ነው። አንድ ቀን ይጽፋል።»

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ፍየሎቹን ውሃ የከለከልነው። አሁን ከተማው ሁሉ ቂሙን የሚተፋበት አጥቶ በገዛ ቤቱ ይጉረመረማል። ኩሬው ግን ዝም ብሏል።

ሪጋ አባቱን ብቻውን አወጣ። በሁለት እጁ፣ ስሙን እየጠራ። ጠዋት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። እስከ ማግስቱ ዘጠኙም ላይኛው ዋሻ ገቡ፤ እንግዶቹም ከቦታቸው ሳይነሱ አብረው አሉ። አባትህ ከመውጣቱ በፊት ከኩሬው የቀረችውን ውሃ ጨልፌ ግንባሩ ላይ፣ የእኔ ጎድጓዳ ውስጥ አፈሰስኩለት። «ዘገየሁ፣ ወንድሜ» አልኩት። አፌን ሞልቼ ተፋሁ። ማጋንጋ፣ ቀለለኝ። ያን ዕለት ሜዳ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልመጣም።

ባንተ ላይ ያለኝን ግን አልተፋሁም። ባሕር ማዶ አይተፋም፤ ሰውየው ከፊት መቆም አለበት።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የራስ ቅል ማንሳት ቤተ ክርስቲያን ከመጣ ወዲህ ቀርቷል፤ ለንጌሌ ግን አንድ ጊዜ ይደረግ ብለው ተስማሙ። ቄሱም ሰምቶ ጀርባውን አዞረ። በዓመቱ፣ በመጪው ጁን ከመቃብሩ ይነሳና ከአባቶች ጋር ይገባል። «ማን ይሸከመው?» ተባለ። «እኔ» ያለ ብዙ ነበር፣ ያፈረ ሰው ብዙ ነውና። ሪጋ ግን ተነስቶ ያንተን ስም ጠራ። አንድም ሰው አልተቃወመም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስሙን መጥራት ልመድ። ዳገቱ አልተለወጠም። እኔ ላይ ሆኜ እጠብቅሃለሁ፤ ስትደርስ አፌን እሞላለሁ።

ስትመጣ ስጦታ፣ ሻንጣ፣ ምንም ይዘህ አትምጣ። ሁለቱም እጆችህ ያስፈልጉሃል።

አክስትህ ምካዋሲ